የበረሃ ጽጌረዳና የክረምት ርጥበት

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ



ተክል እንደ ሰው አገር አለው። በቆላ የበቀለው ወደ ደጋ ሲወጣ ያደገበትን ፀሐይ፥ ያደገበትን አፈርና ያደገበትን አየር ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ሰው ብርዱን በጋቢ፥ ዝናቡን በጣራ ሊከላከል ሲችል፥ በማሰሮ የተተከለ ተክል ግን ከተቀመጠበት ተነሥቶ የሚሄድበት እግር የለውም። የሚያስፈልገውን ሁሉ የሚያገኘው ካሳዳጊው እጅ ነው። ስለዚህ የተክሉን ጠባይ አጥንቶ ማወቅ የአሳዳጊው ፈንታ ይሆናል።

በባዮሎጂ ክፍላችን መስኮት ላይ ከድሬዳዋ የመጣ አንድ የበረሃ ጽጌረዳ አለ። ይህ መጽሔት በእጃችሁ በሚገባበት ጊዜ ተማሪ ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ነው፤ ክፍሉም አብሮ ይዘጋል። ተክሉም በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የሚያሠጋውን ሁለት ወር ሊጀምር ነው ማለት ነው። የዚህ ዓይነት ተክል በቤታቸው የሚያሳድጉ ወላጆችም እንዳሉ እናውቃለን። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአዲስ አበባ ክረምት የቤት ውስጥ ርጥበት የበረሃን ተክል የሚጐዳው በምን መንገድ እንደ ሆነና እንዴት ልንከላከለው እንደምንችል በአጭሩ ማስረዳት ነው።

1ኛ. ስለ ተክሉ ማንነት

የበረሃ ጽጌረዳ በስም ጽጌረዳ ይባል እንጂ ከጽጌረዳ ጋር ዝምድና የለውም። የሳይንስ ስሙ አዴኒየም ኦቤሱም ሲሆን ኦቤሱም በላቲን ቋንቋ ወፍራም ማለት ነው። ይህም ስም የተሰጠው የግንዱ ታች እንደ ገንቦ ሆድ የተነፋ ስለ ሆነ ነው። ቤተ ሰቡ በደጋችን አጥር ላይ የምናውቀው አጋም ያለበት ቤተ ሰብ ነው። ቅርንጫፉ ሲቈረጥም እንደ አጋም ነጭ ወተት ያወጣል።

ይህን ተክል ለአውሮፓ ሳይንስ መጀመሪያ የገለጸው ስዊድናዊው ፔር ፎርስኮል ነው። ፎርስኮል የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዐረብ አገር ከላካቸው መንገደኞች አንዱ ነበር። በ1763 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በየመን ሲሞት፥ ጽሑፉን ከሞት የተረፈው ጓደኛው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት። ተክሉ የሚበቅለው ግን በየመን ብቻ አይደለም። ከምዕራብ አፍሪካ ሳሕል ጀምሮ እስከ ምሥራቅ አፍሪካና እስከ ዐረብ ደቡብ ድረስ ይገኛል። በእኛም አገር በምሥራቅና በደቡብ ቆላዎች፥ በድንጋያማ ቁልቁለትና በአሸዋማ ሜዳ ላይ የበቀለ የአገር ተወላጅ ነው።

የተነፋው ግንዱ የውኃ ጐተራው ነው። ዝናብ በሚዘንብበት አጭር ወራት ውኃውን ያከማቻል፤ ድርቁ ሲጠና ቅጠሉን ያረግፍና ካከማቸው እየቈጠበ ይኖራል። ገበሬ በመኸር ያስገባውን እህል በክረምት እየቈጠበ እንደሚመገብ ማለት ነው። የግንዱ ውፍረት የብዙ ዓመት ሥራ ነው፤ ሲበሰብስ ግን የጥቂት ሳምንት ጊዜ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። የዚህ ተክል ወተት የልብን ምት የሚያውክ መርዝ አለበት። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች አዳኞች የፍላጻቸውን ጫፍ ይቀቡበት ነበር። ስለዚህ ሕፃናትና እንስሳት ከማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጥ፤ የቈረጠውም ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ዓይኑንና አፉን አይንካ።

2ኛ. በአየር ውስጥ ስላለው ርጥበት

አየር ሁልጊዜ ዓይን የማያየው የውኃ ተን ይዟል። ሊይዝ የሚችለው መጠን ግን በሙቀቱ ይወሰናል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ9.4 ግራም የበለጠ ተን ሊይዝ አይችልም፤ በ20 ዲግሪ 17.3 ግራም፥ በ30 ዲግሪ ደግሞ 30 ግራም ያህል ሊይዝ ይችላል። አየሩ አሁን የያዘው ተን፥ በዚያው ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ጋር ተመዛዝኖ ከመቶ ስንት እጅ እንደ ሆነ ሲነገር «አንጻራዊ ርጥበት» ይባላል። ርጥበቱ መቶ ሲሞላ አየሩ ጠገበ ማለት ነው። የጠገበ አየር ከእርጥብ ነገር ተጨማሪ ውኃ አይቀበልም።

ይህን ነገር ለማስረዳት ወደ ቤተ ሙከራ መሄድ አያስፈልግም። በጥር የታጠበ ነጠላ ከተሰጣ ቀትር ሳይደርስ ይደርቃል፤ በሐምሌ ግን ሁለት ቀን ውሎ አድሮም እርጥብ ነው። በርበሬዋን በነሐሴ ለማድረቅ የምታሰጣ እናት የለችም። ነጠላውና በርበሬው ያው ናቸው፤ የተለወጠው የአየሩ ጥጋብ፥ የፀሐዩ ማነስና የቅዝቃዜው ብርታት ነው። በማሰሮ ውስጥ ያለውም አፈር እንዲሁ ነው። በየካቲት በጥቂት ቀን የሚደርቀው አፈር በሐምሌ ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ሊቈይ ይችላል።

3ኛ. ጐጂው የትኛው ርጥበት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ብዙ ሰው «የበረሃ ተክል ስለ ሆነ እርጥብ አየር ይገድለዋል» ይላል። ይህ አነጋገር ግማሹ ብቻ እውነት ነው።

የበረሃ ጽጌረዳ በኦማን ደቡብ በዶፋር ተራሮች ይበቅላል። እነዚያን ተራሮች የባሕር ጭጋግ በየዓመቱ ለሦስት ወር ያህል ይሸፍናቸዋል። ከዚህም በላይ በዛሬው ጊዜ ይህን ተክል ለንግድ በብዛት ከሚያሳድጉት አገሮች አንዷ አየሯ ሞቃትና እርጥብ የሆነው ታይላንድ ናት። ርጥበት ብቻውን የሚገድለው ቢሆን ኖሮ በታይላንድ አንድ እንኳ ባልተረፈ ነበር።

እንግዲህ ልዩነቱ ከምን መጣ? በታይላንድ አየሩ እርጥብ ቢሆንም ሙቀት አለ። ተክሉ ንቁ ስለ ሆነ ውኃውን በሥሩ ይስባል፥ በቅጠሉ ያወጣል፤ አፈሩም ቶሎ ይደርቃል። በአዲስ አበባ ክረምት ግን አየሩ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የክረምቱ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። ይህ ተክል ደግሞ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ዕድገቱን እየተወ ይተኛል። የተኛ ሥር ውኃ አይጠጣም። የጠገበው አየርም ከአፈሩ ውኃውን አይቀበልም። ደመናውም ፀሐዩን ይጋርዳል። ስለዚህ ውኃው መውጫ አጥቶ በማሰሮው ውስጥ ይቀመጣል።

ሥር እንደ ማንኛውም ሕያው ነገር ይተነፍሳል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት በውኃ ሲሞላ ኦክስጅን ያጣል፥ ይታፈናል። በዚህ ጊዜ ፒቲየምና ፊቶፍቶራ የሚባሉ በእርጥብ አፈር የሚራቡ ጥቃቅን ነፍሳት የደከመውን ሥር ያጠቁታል፤ መበስበሱም ከሥሩ ወደ ግንዱ ይወጣል።

ስለዚህ መልሳችን ይህ ነው፤ ተክሉን የሚገድለው በአየር ያለው ርጥበት ሳይሆን፥ አየሩ እርጥብና ቀዝቃዛ በመሆኑ ምክንያት ከሥሩ ሳይወጣ የቀረው ውኃ ነው። የቤታችንን አየር የምንመዝነውም አፈሩ በስንት ጊዜ ሊደርቅ እንደሚችል ለማወቅ ነው። ሰው በርኅራኄ «ጠምቶት ይሆናል» ብሎ በሐምሌ ውኃ ሲያጠጣው «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚለው ተረት ይፈጸማል።

4ኛ. ርጥበትን ስለ መለካት

ርጥበትን በሁለት ቴርሞሜትር ልንለካ እንችላለን። የአንደኛውን አምፖል በእርጥብ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለን ሁለቱን በማራገቢያ እናራግባቸዋለን። ውኃው ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ እርጥቡ ቴርሞሜትር ዝቅ ይላል። አየሩ ደረቅ በሆነ መጠን ልዩነቱ ይሰፋል፤ አየሩ የጠገበ ከሆነ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ።

ለምሳሌ ደረቁ 20፥ እርጥቡ 15 ዲግሪ ቢያሳዩ፥ ለባሕር ጠለል የተዘጋጀው ሠንጠረዥ ርጥበቱ ከመቶ 59 ገደማ ነው ይለናል። በአዲስ አበባ ግን ትክክለኛው ወደ 62 ይጠጋል። ምክንያቱም የከተማችን የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ግፊት ሦስት ሩብ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም በሌላ አገር የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ሳይመረመር እንደማይወሰድ ያስተምረናል።

በገበያ የሚሸጠውን ትንሽ የርጥበት መለኪያ የገዛ ሰው ደግሞ ትክክለኛነቱን በወጥ ቤት ጨው ሊፈትነው ይችላል። በጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው አድርጎ፥ እንደ ሊጥ እስኪሆን ድረስ ጥቂት ውኃ ያንጠባጥብበት፤ ጨው ግን ሙሉ በሙሉ አይሟሟ። ከዚያ ክዳኑንና መለኪያውን አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ አብሮ ከድኖ አንድ ሌሊት ያሳድራቸው። በዕቃው ውስጥ ያለው አየር በክፍል ሙቀት ከመቶ 75 እጅ ርጥበት ይኖረዋል። መለኪያው 70 ቢያሳይ አምስት ጐድሎበታል ማለት ነው።

5ኛ. የቤቱን ርጥበት ስለ መቀነስ

አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ፥ ቁመቱም ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል 40 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ይህ ሁሉ አየር ቢጠግብ በውስጡ የሚኖረው ውኃ 692 ግራም ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ ሊትር በታች ነው። እንግዲህ አንድ ሊትር ውኃ የያዘ እጥብ ጋቢ በዚያ ክፍል በገመድ ላይ ቢሰጣ፥ የክፍሉ አየር በሙሉ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ውኃ አስገባን ማለት ነው። በዚህ ላይ የድስቱ እንፋሎት፥ የጀበናው እንፋሎትና የቤተ ሰቡ ትንፋሽ ይጨመራል። ጧት በመስኮቱ መስተዋት ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ ከዚህ የመጣ ነው። ይህ ርጥበት በግድግዳ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታውም አስም ያለበትን ሰው ያሳምማል። ስለዚህ ለተክሉ የምናደርገው ጥንቃቄ ለቤተ ሰቡም ጤና ነው።

መድኃኒቱ መስኮት መክፈት ነው። አንድ ሰው «በውጭ ዝናብ እየዘነበ መስኮት ብከፍት ርጥበት አስገባ የለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። የውጭው አየር 10 ዲግሪና የጠገበ ቢሆን በሜትር ኩብ 9.4 ግራም ተን ይዟል። ያ አየር ገብቶ በቤቱ ውስጥ ወደ 20 ዲግሪ ሲሞቅ ሊይዝ የሚችለው 17.3 ግራም ይሆናል፤ የያዘው ግን ያው 9.4 ነው። ስለዚህ አንጻራዊ ርጥበቱ ከመቶ ወደ 54 ይወርዳል። ከዚህ የምናገኘው ሕግ፥ የውጭው አየር በሜትር ኩብ የያዘው ተን የቤቱ አየር ከያዘው ያነሰ እስከ ሆነ ድረስ መስኮት መክፈት ቤቱን ያደርቃል የሚል ነው። ሆኖም መስኮቱ ሲከፈት ተክሉን ከቀዝቃዛው ነፋስ ፈንጠር ማድረግ ይገባል።

ሁለተኛው መድኃኒት የአየር መንቀሳቀስ ነው። በተክሉ ዙሪያ ያለው አየር ካልተንቀሳቀሰ አፈሩን ተጠግቶ ያለው ስስ የአየር ሽፋን ይጠግባል፤ ከዚያ በኋላ መድረቁ ይዘገያል። ስለዚህ ማሰሮዎቹን አራርቆ ማስቀመጥ፥ ከቁም ሣጥንና ከመጋረጃ ጀርባ ማውጣት፥ ቢቻልም ትንሽ ማራገቢያ ለጥቂት ሰዓት ማዞር ይጠቅማል።

በክፍላችን ውስጥ ስለዚህ ነገር ስንወያይ ሦስት አሳቦች ተነሥተው ነበር። አንደኛው፥ ተክሉን ከብርድ ለመጠበቅ በላስቲክ እንሸፍነው የሚል ነው። ላስቲክ ግን ተኑን ዐፍኖ ስለሚያስቀር ርጥበቱን ያብሳል። ሁለተኛው፥ ቅጠሉን በየጊዜው ውኃ እንርጨው የሚል ነው። ይህ በክረምት የሚያስገኘው ጥቅም የለም፤ ውኃው ወደ ግንዱ ወርዶ በአፈሩ አጠገብ ይቀመጣል። ሦስተኛው፥ በክፍሉ ውስጥ ከሰል እናንድድ የሚል ነው። በዚህ በሦስተኛው ላይ ግን አንባቢ ሁሉ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንለምናለን። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ስፍራ ይይዝና ሰውን በእንቅልፉ ላይ እንዳለ ይገድላል። ስለ ተክልም ሆነ ስለ ልብስ ማድረቅ ተብሎ የሚጤስ ከሰል ከተዘጋ ቤት አይግባ።

6ኛ. ስለ ማሰሮውና ስለ አፈሩ

የአየሩን ርጥበት በሙሉ መለወጥ ባንችልም ማሰሮውንና አፈሩን መምረጥ እንችላለን።

ማሰሮው ያልተቀባ ሸክላ ቢሆን ይመረጣል። ሸክላ ውኃ በገላው ውስጥ ስለሚያሳልፍ አፈሩ በጐንም ይደርቃል። ጣሳና ፕላስቲክ ግን ከላይ ብቻ ነው የሚያስተነፍሱት። ምንም ይሁን ምን ከታች ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ለዚህ ተክል መቃብር ነው።

የአዲስ አበባ አካባቢ ጥቁር ዋልካ አፈር ውኃን አጥብቆ ስለሚይዝ አይስማማውም። የሚስማማው ከቢሾፍቱ አካባቢ የሚመጣው፥ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። ጠጠሩን ወንፍቶ ዱቄቱን ማስወገድ፥ የምስርና የሽምብራ መጠን ያለውን ሁለት እጅ፥ በደንብ የበሰበሰ የፍግ አፈር አንድ እጅ አድርጎ መደባለቅ ነው።

ብዙ ሰው ውኃው እንዲወርድለት ከማሰሮው በታች ወፍራም ጠጠር ይደለድላል። ይህ ልማድ እንደማይጠቅም በስፖንጅ ማሳየት ይቻላል። አራት ማዕዘን ስፖንጅ ውኃ አጥግባችሁ በአግድም ያዙት፤ መንጠባጠቡ ሲያቆም ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ እንደ ገና ውኃ ይወርዳል። ስፖንጁ ሲቆም ቁመቱ ስለ ረዘመ የስበት ኃይል የበለጠ ውኃ አወረደ። በማሰሮውም ውስጥ ውኃ ከደቃቁ አፈር ወደ ወፍራሙ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም፤ በድንበሩ ላይ ይከማቻል። ከታች ጠጠር ስንደለድል የአፈሩን ቁመት አሳጥረን እርጥቡን ክፍል ወደ ሥሩ አቀረብነው ማለት ነው። ጠጠሩ ከአፈሩ ጋር እስከ ላይ ይደባለቅ እንጂ ከታች ብቻውን አይደልደል።

ውኃ መቼ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ የሚሻለው መንገድ ክብደት ነው። አፈሩ ፈጽሞ ደርቆ ሳለ ማሰሮውን በሚዛን መዝኑና ጻፉ፤ አጠጥታችሁ ውኃው ከወረደ በኋላም እንደ ገና መዝኑ። የሁለቱ ልዩነት አፈሩ የያዘው ውኃ ነው። በየሁለት ቀኑ ብትመዝኑ ውኃው በስንት ቀን እንደሚወጣ ታውቃላችሁ፤ ይህንንም በግንቦትና በሐምሌ ብታስተያዩት በዚህ ጽሑፍ የተነገረውን በራሳችሁ እጅ ታረጋግጣላችሁ። ሚዛን የሌለው በእጁ አንሥቶ ይልመደው።

7ኛ. ከወር እስከ ወር የሚደረግ ጥንቃቄ

ሰኔ። ዝናቡ ሲጠና ውኃውን እየቀነሱ መሄድ፤ ተክሉን ብርሃን ወደሚበዛበት መስኮት ማስጠጋት፤ ከማሰሮው በታች ያለውን ሳሕን ማንሣት ይገባል።

ሐምሌና ነሐሴ። ቅጠሉ ሊረግፍ ይችላል፤ ይህ የመተኛት ምልክት ስለ ሆነ አያስደንግጥ። ቅጠሉን ያረገፈ ትልቅ ተክል በእነዚህ ወራት ውኃ ባይጠጣ ይሻለዋል። ቅጠሉ ያልረገፈና ግንዱ የተጨማደደ ከሆነ ብቻ፥ ፀሐይ በወጣበት ቀን ጧት ጥቂት ውኃ ይሰጠው። ዓመት ያልሞላው ችግኝ ግን ጐተራው ትንሽ ስለ ሆነ አልፎ አልፎ ጥቂት ጥቂት ይጠጣ።

መስከረም። ፀሐይ ሲመለስ አዲስ ቅጠል እስኪያቈጠቍጥ መጠበቅ፥ ከዚያም ውኃውን ቀስ በቀስ መጨመር ነው። ወደ ደጅ ፀሐይ የሚወጣውም በአንድ ቀን ሳይሆን በየቀኑ ጥቂት ሰዓት እየተጨመረ ነው፤ አለዚያ የደጋው ፀሐይ ያቃጥለዋል።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። አየሩ ደረቅ፥ ቀኑ ብሩህ፥ ሌሊቱ ግን ከክረምቱ ይልቅ ብርዳም ነው። በሌሊት ከመስተዋቱ ማራቅ፤ ውኃ ሲሰጥም በማታ ሳይሆን ረፋድ ላይ መስጠት ያስፈልጋል።

ከጥር እስከ ግንቦት። ይህ የዕድገቱ ወራት ነው። አፈሩ በደረቀ ቍጥር ከታች እስኪወርድ ድረስ አጠጥቶ፥ በሳሕኑ የተጠራቀመውን መድፋት ነው። አየሩ እጅግ ሲደርቅና ሲሞቅ ከቅጠሉ በታች የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር የሚሠሩ ጥቃቅን ተባዮች ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ ቅጠሉን በውኃ ማጠብ ይረዳል። ከዚህም መድረቅ ሲበዛ የራሱ በሽታ እንዳለው እንረዳለን።

8ኛ. የተጠማውንና የበሰበሰውን ስለ መለየት

የሁለቱ ምልክት ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይሳሳታል። የተጠማ ተክል ግንዱ በዙሪያው እኩል ለስለስና ጨምደድ ይላል፤ አፈሩም ደረቅ ነው። የበሰበሰ ግን አንድ ቦታ ላይ ሲጫኑት ይሰረጕዳል፤ ቀለሙ ይጠቍራል፤ አንዳንድ ጊዜም ይሸታል፤ አፈሩም እርጥብ ነው። ለመጀመሪያው ውኃ መድኃኒት ነው፤ ለሁለተኛው ግን ውኃ ሞትን ያፋጥናል። እንግዲህ ከማጠጣት በፊት ግንዱንም አፈሩንም መዳሰስ ልማድ ይሁን።

መበስበሱ ቶሎ ከታወቀ ተክሉን ነቅሎ፥ ጓንት አድርጎ፥ በንጹሕ ቢላ የበሰበሰውን እስከ ጤናማው ሥጋ ድረስ መቍረጥ፥ ቍስሉ እስኪደርቅም ብዙ ቀን በጥላና ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ስፍራ ማቈየት፥ ከዚያም በደረቅ አፈር መትከል ነው። በየጊዜው ሲቈርጡ ቢላውን በአልኮል መጥረግ አይዘንጋ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተገለጸው፥ የአዲስ አበባን ክረምት ከቤታችን ልናስወጣ አንችልም። ነገር ግን አፈሩን አድርቀን፥ ብርሃን ሰጥተን፥ አየሩን አንቀሳቅሰን ተክሉን ልናሻግረው እንችላለን። ይህም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው እጅን ከውኃ መሰብሰብና በየጊዜው መመልከት ነው።

ስለ ክፍላችን ተክል የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ክረምቱን እሳት በሌለበትና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሚያሳልፍ፥ ከተማሪዎች አንዱ ወደ ቤቱ ወስዶ ብርሃን ባለው መስኮት ላይ ያስቀምጠው፤ ክብደቱንም በየሳምንቱ በደብተር ይጻፍ። በመስከረም ሲመልሰው ደብተሩ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች የትምህርት መሣሪያ ይሆናቸዋል። የሚወስደው ሰው ከሌለ ግን አፈሩ ፈጽሞ ደርቆ፥ ሳሕኑ ተነሥቶ፥ ብርሃን በሚያገኘው ስፍራ ይቀመጥ፤ «ውኃ አታጠጡኝ» የሚል ወረቀትም ይለጠፍበት። ክፍሉን ለማጽዳት የሚገቡት ሰዎች አዝነው እንዳያጠጡት ነው።

በመጨረሻም ወደ ቆላ ለሚሄዱ ጓደኞቻችን አንድ ቃል አለን። ይህን ተክል ከበረሃው ነቅሎ ወደ ከተማ ማምጣት አይገባም። ሥሩ ይቈስላል፤ የቈሰለው ሥር የደጋውን ርጥበት ሲያገኝ ይበሰብሳል፤ በበረሃ ብዙ ዓመት የኖረውም በአንድ ክረምት ያልቃል። ተክሉ በፍሬው ይበዛልና በማሰሮ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ከዘሩ ያሳድግ፤ በበረሃ ያለውን ግን በአገሩ ይተወው።